የሊኑክስ ስርጭት ሲመረጥ፦ ማን ያድሰዋል? እስከ መቼስ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ዊንዶውስ 10 የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ከዚያ ቀን በኋላም መሥራታቸውን ባያቆሙም፣ ለተራዘመው የደህንነት ዝማኔ ካልተመዘገቡ በቀር አዲስ የሚገኙ ቀዳዳዎች አይደፈኑላቸውም። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገርም ለሁሉም ማሽን የሚቻል አይደለም፤ ማይክሮሶፍት ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ፣ ከኢንቴል በኩል ደግሞ ከጥቂቶች በቀር 8ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የወጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ያገለገሉ ሆነው ወደ አገር ውስጥ ከሚገቡት የቢሮ ላፕቶፖች ወገን የሆኑት ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3፣ ዴል ላቲቲውድ ኢ7470 እና ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ460 ግን 6ኛ ትውልድ ናቸው። እነዚህ ማሽኖች 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ካላቸው ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔት፣ ለትምህርትና ለቪዲዮ ስብሰባ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ስለዚህ ዊንዶውስን ሊተካ ወደሚችለው ነጻ ሲስተም፣ ወደ ሊኑክስ፣ ለመዞር የሚያስበው ሰው ቁጥር መጨመሩ የሚጠበቅ ነው።

ሊኑክስ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ከብዙ መቶ ስርጭቶች የትኛውን ልጫን የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚፈለገው በመልክ ነው፤ የዴስክቶፑ ምስል ታይቶ፣ የአዶዎቹ ውበት ተመዝኖ፣ ዊንዶውስን ወይም ማክን መምሰሉ ተገምግሞ ይመረጣል። በእኔ እምነት ይህ አካሄድ ሰውን ያሳስታል። በስርጭቶች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት በመጀመሪያው ቀን ስክሪን ላይ የሚታየው አይደለም፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይቶ የሚገለጠው ነው። ስርጭቱን የሚያድሰው ማን ነው፣ በምን ያህል ጊዜ ያድሰዋል፣ እስከ መቼስ ቃል ገብቷል የሚሉት ጥያቄዎች ቀድመው መመለስ አለባቸው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ስርጭት ምን እንደሆነ ማየት ይበጃል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው እምብርት፣ በሁሉም ስርጭቶች ውስጥ በመሠረቱ አንድ ነው። ፋየርፎክስም፣ ሊብሬኦፊስም፣ ቪኤልሲም በሁሉም ላይ ያው ናቸው። ጂኖም፣ ኬዲኢ ፕላዝማ፣ ሲናመን ወይም ኤክስኤፍሲኢ የሚባሉት የዴስክቶፕ ገጽታዎችም ቢሆኑ የአንድ ስርጭት ብቸኛ ንብረት አይደሉም፤ ኤክስኤፍሲኢን የወደደ ሰው በዴቢያንም፣ በኡቡንቱም፣ በፌዶራም፣ በሚንትም ላይ ያገኘዋል። የስርጭቱ ሥራ እነዚህን በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች መርጦ፣ እርስ በርስ አስማምቶ፣ ፈትሾ፣ በፓኬጅ መልክ አዘጋጅቶ ማቅረብ፣ ከዚያም የደህንነት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ማስተካከያውን ሳይዘገይ ማድረስ ነው። ሰው ስርጭት ሲመርጥ በእርግጥ የሚመርጠው ይህን ሥራ የሚሠራለትን ቡድን ነው።

የአሠራር ስልቶቹ በጥቅሉ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የረጋ የሚባለው ነው። ስርጭቱ በአንድ ወቅት ያሉትን የሶፍትዌር ቅጂዎች ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚልከው በአብዛኛው የደህንነትና የስህተት ማስተካከያ ብቻ ነው። ኢያን ሙርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ዴቢያን የዚህ ስልት ዋነኛ ምሳሌ ነው። በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለሦስት ዓመት ሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያም ለሁለት ዓመት የተራዘመ ድጋፍ ያገኛል። ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ ኤፕሪል ላይ የሚያወጣቸው ረጅም ድጋፍ ያላቸው ቅጂዎችም ለአምስት ዓመት ይጠበቃሉ፤ የኤፕሪል 2024ቱ 24.04 ድጋፉ እስከ 2029 ይዘልቃል። የኡቡንቱ ባለቤት የሆነው ካኖኒካል ኩባንያ ለግለሰቦች እስከ አምስት ኮምፒውተር ድረስ በነጻ በሚሰጠው ኡቡንቱ ፕሮ የተመዘገበ ሰው ደግሞ ጊዜው ወደ አሥር ዓመት ይራዘምለታል። ሊኑክስ ሚንት 22 በዚሁ በኡቡንቱ 24.04 ላይ የቆመ ስለሆነ ድጋፉ እንዲሁ እስከ 2029 ነው።

ሁለተኛው ተንከባላይ የሚባለው ስልት ነው። አርች ሊኑክስና ኦፕንሱሴ ታምብልዊድ ቅጂ ቆጥረው አይወጡም፤ አዲስ የፕሮግራም ቅጂ እንደወጣ ወደ ተጠቃሚው ይልኩታል። ፌዶራ በሁለቱ መካከል ይገኛል። በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ ቅጂ ያወጣል፤ እያንዳንዱ ቅጂ የሚደገፈው ደግሞ ለ13 ወራት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ተጠቃሚው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ መላውን ሲስተም ወደሚቀጥለው ቅጂ ማሳደግ አለበት። ከረጅሞቹ ቅጂዎች መሐል የሚወጡት የኡቡንቱ መካከለኛ ቅጂዎችም የሚደገፉት ለዘጠኝ ወር ብቻ ነው። ብዙ ሰው ትልቁን ቁጥር አዲሱ ነው ብሎ ያወርድና ሳያውቀው እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ኡቡንቱ የሚያወርድ ሰው በቁጥሩ አጠገብ ረጅም ድጋፍ እንዳለው የሚገልጸውን LTS የሚለውን ምልክት አይቶ ማውረድ አለበት።

አዲስ ሶፍትዌር ቶሎ ማግኘት ጥቅም ነው፤ አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ለሃርድዌሩ አዲስ ከርነል ሊያስፈልገው ይችላል። ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚያገለግል ያገለገለ ላፕቶፕ ግን ሃርድዌሩ በሊኑክስ ዘንድ ለዓመታት የታወቀ ነው፤ ከአዲስነት የሚያገኘው ትርፍ አነስተኛ ሲሆን የሚከፍለው ዋጋ ግን ተጨባጭ ነው። ዋጋው በቅድሚያ ዳታ ነው። ተንከባላይ ስርጭት ለጥቂት ሳምንታት ሳይታደስ ከቆየ በአንድ ጊዜ ጊጋባይት የሚያልፍ ዝማኔ ሊጠይቅ ይችላል። በቤቱ የማያቋርጥ መስመር ያለው ሰው ይህን ላያስተውለው ይችላል፤ በሞባይል ጥቅል የሚጠቀም፣ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ኢንተርኔት የሚያገኝ ተማሪ ግን የወሩን ጥቅል በአንድ ቀን ሊጨርስበት ይችላል። ዝማኔው በመጫን ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ደግሞ፣ በተለይ ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ላይ፣ ሲስተሙ መነሣት እስኪያቅተው ሊበላሽ ይችላል። ዝማኔው ባነሰ ቁጥር ይህ አደጋ የሚገጥምበት አጋጣሚም ያንሳል።

የደህንነቱም ጉዳይ ብዙዎች እንደሚያስቡት አዲሱ ሁልጊዜ ይሻላል የሚባልበት አይደለም። በማርች 2024 መጨረሻ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ፣ ኤክስዚ በተባለ በሁሉም ዘንድ በሚሠራበት የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባ ስውር መግቢያ፣ አገኘ። የተበከሉት 5.6.0 እና 5.6.1 የተባሉት ቅጂዎች ገና አዲስ ስለነበሩ የደረሱት ወደ ታምብልዊድ፣ ወደ አርች፣ ወደ ዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፍና ወደ ፌዶራ የቅድመ ልቀት ቅጂዎች ነበር፤ በወቅቱ የረጉት ዴቢያን 12ም ሆነ የወጡት የኡቡንቱ ቅጂዎች አልተነኩም። የረጋ ስርጭት ነገሮችን ወደ ተጠቃሚው ከማድረሱ በፊት የሚያዘገየው ጊዜ ሌሎች ስህተቱን የሚያገኙበት ጊዜ መሆኑን ይህ አጋጣሚ በግልጽ አሳይቷል። በጁላይ 2025 ደግሞ የአርች ተጠቃሚዎች ራሳቸው ፓኬጅ በሚያስገቡበት ማከማቻ፣ ኤዩአር በሚባለው ውስጥ፣ የታወቁ ብራውዘሮችን ስም ያስመሰሉና ኮምፒውተሩን ከርቀት ለሌላ ሰው የሚያስረክቡ ፓኬጆች ተገኝተው ተወግደዋል። አርች ራሱ ኤዩአር ያልተፈተሸ መሆኑን ያስጠነቅቃል፤ ሆኖም አርችን እንዲጭን የሚመከር ጀማሪ አብሮ የሚመከረው ከኤዩአር እንዲያወርድ ነው። አርችን ለመማር የሚጭነውን ሰው አላስቆምም፤ ብዙ ያስተምረዋልና። ለእናቱ ወይም ለመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ የሚጭን ሰው ግን አርችን ባያስበው ይሻላል።

ከአሠራሩ ስልት እኩል የሚመዘነው ከስርጭቱ ጀርባ የቆመው አካል ነው። በአንድ ወይም በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ያለ ስርጭት ምንም ያህል ቢያምር ያ ሰው በደከመው ቀን ያበቃል። አንተርጎስ የተባለው በአርች ላይ የተመሠረተ ስርጭት እ.ኤ.አ. በ2019 አዘጋጆቹ ጊዜ አጥተናል ብለው ዘግተውታል። ትልቅ ኩባንያ መኖሩም ብቻውን ዋስትና አይደለም። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ እስከ 2029 ይደገፋል ተብሎ ይጠበቅ የነበረውን ሴንትኦኤስ 8 የተባለ ስርጭት በ2021 መጨረሻ እንዲያበቃ ወስኗል፤ ኢንቴልም ክሊር ሊኑክስ የተባለውን ስርጭቱን በጁላይ 2025 ያለ መሸጋገሪያ ጊዜ አቁሟል። በዚህ ረገድ ዴቢያን ጠንካራ መሠረት አለው፤ በማንም ኩባንያ ባለቤትነት ሥር ያልሆነ፣ በብዙ አገር የተበተኑ በጎ ፈቃደኛ ገንቢዎች የሚያስተዳድሩት፣ ከ30 ዓመት በላይ የዘለቀ ፕሮጀክት ነው። ኡቡንቱም መሠረቱን የሚወስደው ከዴቢያን ነው፤ ሚንት ደግሞ ከኡቡንቱ። የሚንት ቡድን ኡቡንቱ አንድ ቀን ቢያስቸግር ብሎ በቀጥታ በዴቢያን ላይ የቆመ ኤልኤምዲኢ የሚባል ሌላ ቅጂ ማዘጋጀቱን አስተዋይነት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

እነዚህ ሦስቱ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መሆናቸው ሌላም ጥቅም አለው። ለአንዱ የተጻፈ መመሪያ በአብዛኛው ለሌላውም ይሠራል፤ ችግር ሲገጥም በእንግሊዝኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ ፈልጎ መልስ ማግኘት ይቀላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በአካባቢ ሊኑክስ የሚያውቅ አንድ ሰው ካለ፣ ያ ሰው የሚጠቀምበትን ስርጭት መጫን ከየትኛውም ንጽጽር የበለጠ ይጠቅማል። በመንደሩ ያለው የኮምፒውተር ጥገና ቤት ዊንዶውስ ፎርማት ማድረግ እንጂ ሊኑክስ መጠገን ላይለምድ ይችላል፤ የሚረዳ ሰው መኖሩ ስለዚህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ በዴቢያን ቤተሰብ ውስጥ ምርጫው ወደ ዝርዝር ጉዳዮች ይወርዳል፤ ከእነዚህም አንዱ እንደገና ዳታ ነው። ኡቡንቱ 24.04ን የያዘው የመጫኛ ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል፤ የሚንት 22 ግማሹ ያህል ነው፤ የዴቢያን አነስተኛ መጫኛ ደግሞ ከአንድ ጊጋባይት በታች ሆኖ ቀሪውን በሚጫንበት ጊዜ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ያወርዳል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ከተጫነ በኋላ ያለው ጠባይ ነው። ኡቡንቱ ፋየርፎክስን ጨምሮ የተወሰኑ ፕሮግራሞችን ስናፕ በተባለ ዘዴ ያቀርባል፤ ስናፕ ደግሞ እንደመጣ ከተተወ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር መኖሩን እያየ ሳይጠይቅ ያወርዳል። ይህ ለደህንነት የታሰበ ነው፤ እንዲዘገይ ወይም እንዲቆም ማድረግም ይቻላል፤ ሆኖም ጀማሪ ስለማያውቀው ዳታው በምን እንደሚያልቅ ግራ ይገባዋል። ሚንት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ስናፕን እንደመጣ አይቀበልም። ዝማኔ ሲኖር ከስክሪኑ ጥግ በጋሻ ምልክት ያሳውቃል፣ እያንዳንዱ ምን ያህል መጠን እንዳለው ይዘረዝራል፣ ተጠቃሚው እስኪያዝ ድረስም ይጠብቃል። በዳታ ለሚኖር ሰው ይህ ልዩነት ከማንኛውም ውበት ይበልጣል።

ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም የኢንተርኔት ካፌ ከሆነ ከዚህም የተሻለ መፍትሔ አለ። በዴቢያን ቤተሰብ ውስጥ አፕት ካቸር ኤንጂ የሚባል ፕሮግራም ይገኛል፤ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ማንኛውንም ዝማኔ አንድ ጊዜ ብቻ ያወርድና ለቀሩት በውስጥ ኔትወርክ ያድላቸዋል። ሃያ ኮምፒውተር ያለው ክፍል ሃያ ጊዜ መክፈሉ ይቀራል። ይህ ቁጠባ በሙሉ የሚገኘው ግን ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ተመሳሳይ ስርጭትና ተመሳሳይ ቅጂ ሲኖራቸው ስለሆነ፣ በተቋም ደረጃ አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ዝርዝር ጉዳይ ሃርድዌሩ ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ ያለውን ቅጂ መምረጥ ይበጃል፤ 8 ጊጋባይት ካለ ሲናመንም፣ ጂኖምም፣ ፕላዝማም በምቾት ይሠራሉ። ያም ሆኖ ቀላል ዴስክቶፕ ብራውዘሩን ቀላል አያደርገውም፤ ፌስቡክና ዩቲዩብ በየትኛውም ስርጭት ላይ የሚበሉት ራም ያው ነው። ሃርድ ዲስኩ አሮጌው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ፣ ስርጭት በማማረጥ ከሚገኘው ፍጥነት ይልቅ ዲስኩን በኤስኤስዲ በመቀየር የሚገኘው እጅግ ይበልጣል። ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር ለቀረው ሰው ግን ዜናው ጥሩ አይደለም፤ ኡቡንቱና ሚንት ከተዉት ዓመታት አልፈዋል፣ ዴቢያንም ከ13 ጀምሮ ለእነዚህ ማሽኖች መጫኛ አያወጣም።

ስርጭቱ ከማሽኑ ጋር መስማማቱን ለማወቅ አስተማማኙ መንገድ ሳይጭኑ መሞከር ነው። የመጫኛ ፋይሉ ሩፈስ ወይም ቬንቶይ በተባሉት ፕሮግራሞች ወደ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይጻፋል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ይነሣና ሃርድ ዲስኩ ሳይነካ ሙሉው ዴስክቶፕ ይከፈታል፤ የዴቢያን አነስተኛ መጫኛ ግን ይህን ስለማያደርግ ላይቭ የሚባለውን የዴቢያን ፋይል መውሰድ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ዋይፋይ ይገናኛል ወይ? ድምፅ በስፒከሩም በኢርፎንም ይሰማል ወይ? ካሜራው ይከፈታል ወይ? ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ስክሪኑ ይመለሳል ወይ? ብዙ ሰው የመጨረሻውን ይዘነጋዋል፤ ከተጫነ በኋላ ግን በየቀኑ የሚያሰለቸው እርሱ ነው። ከላይ የተጠቀሱት የቢሮ ላፕቶፖች በአብዛኛው የኢንቴል ዋይፋይና የኢንቴል ግራፊክስ ስላላቸው ያለችግር ይሠራሉ። የብሮድኮም ዋይፋይ ያላቸው ማሽኖች፣ አሮጌ ማክቡኮችን ጨምሮ፣ ተጨማሪ ድራይቨር ይፈልጋሉ፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። መውጫው ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ የስልኩን ኢንተርኔት ማጋራት ነው፤ ሊኑክስ ያለ ምንም ጭነት ይቀበለዋል። የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ሰው ድራይቨሩን ከሜኑ መርጦ የሚጭንበት መሣሪያ በሚንትና በኡቡንቱ ተዘጋጅቶ ያገኛል፤ በፌዶራ አርፒኤም ፊውዥን የተባለውን የውጭ ማከማቻ መጨመር ሊያስፈልገው ይችላል። ፕሪንተርም መሞከር አለበት፤ የኤችፒ ፕሪንተሮች በጥሩ ሁኔታ ይደገፋሉ፣ እንደ ሌዘርጄት ፒ1102 ያሉት ግን በመጀመሪያው ጊዜ ከኢንተርኔት የሚወርድ ተጨማሪ ክፍል ይጠይቃሉ።

ሦስተኛው አማርኛ ነው፤ ለእኛ አንባቢ ይህ ከሁሉም በፊት መሞከር ያለበት ነገር ይመስለኛል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ የማንበቡ ችግር በአመዛኙ ተፈትቷል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባሉት ነጻ ፎንቶች በሁሉም ትልልቅ ስርጭቶች ማከማቻ ውስጥ አሉ። ለመጻፍ አይባስ የተባለው የግቤት ሥርዓትና ኤም17ኤን የተባለው ተጨማሪው መጫን አለባቸው። ከዚያ በኋላ ከኪቦርድ ምርጫዎች ውስጥ ሴራ የሚል ስም ያለው አማርኛ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ከሲስተሙ ወጥቶ ካልተገባ ስለማይታይ የለም ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ሴራ በእንግሊዝኛ ቁልፎች በድምፅ የሚጻፍበት ስልት ነው። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም በተከታታይ ሲመቱ «ሰላም» ይወጣል፤ ትንሹ ቲ «ት»ን፣ ትልቁ ቲ «ጥ»ን ይሰጣል፤ «ሽ» የሚገኘው በኤክስ ቁልፍ ነው። በስልክ ወይም በሌላ ፕሮግራም «ሽ»ን በኤስና በኤች መጻፍ የለመደ እጅ ለጥቂት ቀናት ይሳሳታል፣ ከዚያ ይለምደዋል። ኪማን የተባለውን የኪቦርድ ፕሮግራም የለመዱ ደግሞ ለሊኑክስ የተዘጋጀውን የኪማን ቅጂ መጫን ይችላሉ።

ጂኖም ይህን ሁሉ በቅንብሮቹ ውስጥ አዋህዶ ስለያዘው በኡቡንቱና በፌዶራ አማርኛን መጨመር ከሚንት ይልቅ ቀለል ይላል። ሚንትን ባመሰግንም በዚህ በኩል ኡቡንቱ የተሻለ መሆኑን መናገር ተገቢ ነው፤ በሚንት ላይ የግቤት ዘዴ የሚለውን መሣሪያ ከፍቶ አይባስን ለይቶ መጫንና እንዲነሣ ማድረግ ያስፈልጋል። ሥራው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው።

አሮጌ ሰነዶች የተለየ ትኩረት ይሻሉ። በመሥሪያ ቤቶች ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የዎርድ ፋይሎች አሁንም በብዛት አሉ። እነዚህ ፋይሎች ውስጣቸው የላቲን ፊደል ኮድ ስለሆነ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናሉ። ይህ በዊንዶውስም ያለ ችግር ነው፤ መፍትሔውም አንድ ነው፤ ፎንቱ ያለው ሰው ፋይሉን በቤት ማህደሩ ውስጥ ባለው የፎንቶች ቦታ ቢያስቀምጠው ሊብሬኦፊስ ጽሑፉን ያሳየዋል። በኒያላ (Nyala) ፎንት የተጻፉት የዩኒኮድ ሰነዶች ደግሞ ይነበባሉ፤ ኒያላ የማይክሮሶፍት ስለሆነና ከሊኑክስ ጋር ስለማይመጣ ግን በሌላ ፎንት ይተካል፣ የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ የገጹ አከፋፈል ይዛባል፣ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤም ፊርማው ወደ ሁለተኛው ገጽ ሊያልፍ ይችላል። ከሌሎች ጋር ሰነድ የሚለዋወጥ ሰው ይህን አስቀድሞ በራሱ ደብዳቤዎች ቢሞክር፣ የመጨረሻውን ቅጂም በፒዲኤፍ ቢልክ ይሻላል።

ምንም ስርጭት ቢመረጥ የማይፈታ ነገርም አለ። በሒሳብ ባለሙያዎቻችን ዘንድ የተለመደው ፒችትሪ፣ የመሐንዲሶቹ አውቶካድና ኢታብስ፣ የዲዛይነሮቹ ፎቶሾፕ ለሊኑክስ አልተሠሩም። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው በዋይን በኩል ይሠራሉ የሚል ምክር ይሰማል፤ የአንዳንዶቹ አሮጌ ቅጂዎች ይሞከሩ ይሆናል፣ ግን የመሥሪያ ቤት ሒሳብ በዚያ ላይ ማቆም ኃላፊነት የጎደለው ውሳኔ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሰው ዊንዶውስን ጎን ለጎን ማቆየት፣ አለዚያም ለዚያ ሥራ ብቻ የሚሆን ሌላ ማሽን መያዝ አለበት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ከዊንዶውስ ለሚመጣ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ላለውና በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ሊኑክስ ሚንትን አስቀድማለሁ፤ ሲስተሙን ወደ ነበረበት የሚመልሰው ታይምሺፍት አብሮት ስለሚመጣም ስህተት ቢሠራ መመለሻ አለው። በአማርኛ ብዙ ለሚጽፍና ጥሩ መስመር ላለው ሰው ኡቡንቱ 24.04 ይስማማል። አንድ ጊዜ አስተካክሎ ለዓመታት ሳይነካው መኖር ለሚፈልግ፣ ወይም ብዙ ኮምፒውተር ለሚያስተዳድር ሰው ዴቢያን 13ን የሚያህል የለም። ፌዶራ አዲስ ላፕቶፕ ላለውና በየዓመቱ ማሳደጉ ለማይከብደው ሰው፣ በተለይ ለፕሮግራም ጸሐፊ፣ እጅግ ጥሩ ነው።

ከመጫኑ በፊት የሚቀረው ጥንቃቄ ነው። ፋይሉ መውረድ ያለበት ከስርጭቱ ከራሱ ድረ ገጽ ሲሆን ከወረደ በኋላም የማረጋገጫ ቁጥሩ በድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር መመሳከር አለበት፤ በፌብሩዋሪ 2016 የሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ የተበከለ ፋይል ለጥቂት ጊዜ ለሕዝብ ቀርቦ ስለነበር ይህ ቁጥር ለይስሙላ የተቀመጠ አይደለም። ፎቶና ሰነድ ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ይገለበጥ። ዊንዶውስን ጎን ለጎን የሚያቆይ ሰው ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ በርቶ እንደሆነ ይመርምር፤ በርቶ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የመመለሻ ቁልፍ በወረቀት ጽፎ ሳይይዝ የዲስኩን ክፍልፋይ አይንካ፣ ቁልፉ ከጠፋ ፋይሎቹ አብረው ይጠፋሉና። ሁለቱ ሲስተሞች በአንድ ማሽን ላይ ሲኖሩ የዊንዶውስ ሰዓት በኢትዮጵያ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል፤ ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚይዘው፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ እንደ አገር ውስጥ ሰዓት ስለሚያነበው ነው። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በአገር ውስጥ አቆጣጠር እንዲይዝ አንድ ጊዜ ከታዘዘ ሁለቱ ይስማማሉ።